ባሮን ኤድሞን ደ ሮትስቻይልድ፦ ለጋስ ነበር ወይስ ጌታ? የአንድ ክር ውሎ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መወያያ ላይ የተካሄደውን ይህን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ተናግሬ የጻፍኩት ይህን ነበር።

ኤድሞን ደ ሮትስቻይልድ በ1845 በፓሪስ አጠገብ ተወለደ። አያቱ ማየር አምሼል በፍራንክፈርት ጠባብ የአይሁድ ሰፈር ገንዘብ እየመነዘረ የኖረ ሰው ነው። አምስቱ ወንዶች ልጆቹ በፍራንክፈርት፣ በቪየና፣ በለንደን፣ በኔፕልስና በፓሪስ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው እያበደረና ወሬ እያቀበለ አውሮፓን ያዳረሰ ባንክ አቆሙ። የፓሪሱን ቤት የመሠረተው የመጨረሻው ልጅ ጄምስ ነው፤ ኤድሞን ደግሞ የጄምስ የመጨረሻ ልጅ። አባቱ በ1868 ሲሞት የባንኩ አመራር ለታላቅ ወንድሙ ለአልፎንስ ደረሰ። ኤድሞን ከባንኩ ባለድርሻዎች አንዱ ቢሆንም ልቡ ያረፈው ጥንታዊ ሥዕልና የኅትመት ጥበብ መሰብሰብ ላይ ነበር።

በ1881 የሩስያው ንጉሥ አሌክሳንደር ሁለተኛ ከተገደለ በኋላ በአይሁድ ላይ የደረሰው ጥቃት ብዙዎችን አሰደደ። በኦቶማን መንግሥት ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም ሄደው መንደር የቆረቆሩት ጥቂቶች ዓመት ሳይሞላቸው ተራቡ። በ1882 ረቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨርና የሪሾን ለጽዮኑ ሰፋሪ ዮሴፍ ፋይንበርግ በየፊናቸው ፓሪስ ሄደው ኤድሞንን ለመኑት። ሰጣቸው፤ ስሙ እንዳይነሣ ግን አስጠነቀቀ። በዚህ የተነሣ ሕዝቡ የታወቀው ለጋስ ይለው ጀመር፤ ማን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረምና።

ገንዘቡ ግን ብቻውን አልመጣም። ከኋላው ሹሞች ተከተሉ። ምን እንደሚተከል፣ ማን እንደሚቀጠር፣ ለየትኛው ቤተሰብ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስኑት እነርሱ ሆኑ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ባሮኑ ከባንክ ሥራ ሸሽቶ ወደ መንደር ሄደ፤ መንደሮቹን ግን እንደ ባንክ ቅርንጫፍ አስተዳደራቸው። ጥያቄዬም፣ ገንዘቡ ያለ ሹሞቹ ቢመጣ ኖሮ መንደሮቹ ይተርፉ ነበር ወይ የሚል ነው። በመጨረሻም ስለዚህ ቤተሰብ የሚወራውን ዓለምን የመግዛት ተረት ማንም እዚህ እንዳያመጣብኝ ለመንኩ። ልመናዬ እስከ አምስተኛው መልስ ድረስ ብቻ ሠራ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ጸሐፊ በሪሾን ለጽዮን የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም፣ ምርቃታቸውም ሙሉ ነበር። ከጎንደር ከመጡ ጀምሮ የኖሩባት ከተማ በዓርማዋ ላይ ውኃ አገኘን የሚል ቃል የጻፈችው ያለ ነገር እንዳልሆነ አስረዱ። ሰፋሪዎቹ በ1882 ክረምት በአሸዋማው ኮረብታ ላይ ሲሰፍሩ በአቅማቸው የቆፈሩት ጉድጓድ የሚጠጣ ውኃ አልሰጣቸውም፤ ከሩቅ በግመል እያስጫኑ ይጠጡ ነበር። ፋይንበርግ ፓሪስ የሄደው ለዚሁ ነው። የባሮኑ የመጀመሪያ ገንዘብ በጥልቁ ተቆፍሮ ውኃ ላይ ደረሰ። መምህሩ ሹሞቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው አይናገሩም፤ ነገር ግን የተጠማ ሰው ውኃ ካጠጡት በኋላ ስለ ጽዋው ማማረሩ ደግ አለመሆኑን በትሕትና አሳሰቡኝ።

መልስ 2

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ክርክር የእርሱ ነው። የባንክ ሰው ያልኩትን አልተቀበለም። አበዳሪ ዋናውንና ወለዱን ይጠብቃል፣ ተበዳሪው ሲደክም መያዣውን ይሸጣል፣ በየዓመቱ ኪሳራ የሚያሳይ ቅርንጫፍ ካለው ይዘጋል። ባሮኑ ግን ኪሳራው እየጨመረ ሲሄድ ገንዘብ ጨመረ። ለየቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ የወር ተቆራጭ ይሰጥ ነበር፤ ያ ብድር አይደለም። እንደ እርሱ አስተያየት ባሮኑ የሚመስለው ባንከኛን ሳይሆን ርስቱን በወኪል የሚያስተዳድር ባላባትን ነው። ለማስረጃም ሰፋሪዎቹ ተቆራጭ ለማግኘት መሬታቸውን በእርሱ ሥር ለማድረግ መፈረም እንደነበረባቸው አነሣ።

የመለስኩለት ባጭሩ ነው። የመሬቱን ሰነድ በእጁ ያስገባ፣ ሒሳቡን በየጊዜው በተቆጣጣሪ የሚያስመረምር ሰው የባንክ ቤት ልጅነቱ አልለቀቀውም። ለዚህ ሥራ ከፓሪስ እየተላከ ከ1883 ጀምሮ መንደሮቹን ሲዞር የኖረው ኤሊ ሻይድ ምን ይባላል? የሒሳብ ባለሙያው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ሁለት መስመር ነበር። እንግሊዝ በፍልስጤም ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ መቋቋሙን እንደምትደግፍ ያስታወቀችበት የባልፎር ደብዳቤ የተጻፈው ለዚህ ሰው ስለሆነ ክርክሩ ከዚያ መጀመር እንዳለበት አሳሰበ። አራተኛው ወዲያውኑ አረመው፦ በ1917 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደብዳቤውን የላከው ለለንደኑ ለዋልተር ሮትስቻይልድ ነው፤ ኤድሞን ደግሞ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኖ ፓሪስ የኖረ ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን ከእርማት አልፎ ዘለፋ ሆነ። ሮትስቻይልድ የተባለ ሁሉ አንድ ሰው የሚመስላቸው ሰዎች መጀመሪያ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እንዲያጠኑ አዘዘ። የሦስተኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልታየም። አዲስ ሰው የሚሸሸው እንዲህ ሲነገረው ነው።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው የፈራሁትን አመጣ። የለንደኑን ቤት የመሠረተው ናታን ሮትስቻይልድ ናፖሊዮን በ1815 የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት ውጤት ከሁሉ ቀድሞ ሰምቶ በለንደን የአክሲዮን ገበያ የእንግሊዝን ሀብት ጠቅልሎ እንደ ወሰደ፣ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲህ ነገሥታትን እንደሚሾምና እንደሚሽር ጻፈ። ምንጩ በስልኩ የደረሰው ቪዲዮ ነው።

ስድስተኛው መልስ ረጅምና ትዕግሥት የሞላበት ነበር። የዋተርሉ ተረት የተሠራው ጦርነቱ ካበቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1846 በፓሪስ በወጣ አይሁድን በሚያጠቃ በራሪ ጽሑፍ መሆኑን አስረዳ። ዒላማውም የኤድሞን አባት ጄምስ ነበር፤ የሰሜኑን የባቡር መስመር በያዘበት ጊዜ። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ታሪክ ሄደ። የኔፕልሱ ቤት በ1863 ተዘጋ። የፍራንክፈርቱ፣ ሁሉም የጀመረበት፣ በ1901 የተዘጋው ወንድ ወራሽ በማጣት ነው። የቪየናውን ሉዊን ናዚዎች በ1938 አስረው ንብረቱን እስኪያስረክብ ድረስ አንድ ዓመት ያህል አቆዩት። ነገሥታትን የሚሾም ቤተሰብ የገዛ ልጁን ከእስር ቤት የሚያወጣው እንዲህ ከሆነ ሥልጣኑ የት ላይ እንዳለ ጠየቀ።

ሰባተኛው መልስ ተሰርዟል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። እኔ ሳላነበው በፊት አስተባባሪው ደርሶበታል።

መልስ 8

ከኻዴራ የምትጽፍ ነርስ ናት። ስለ ሹሞቹም ሆነ ስለ ባንኩ ግድ አልነበራትም፤ ስለ ወባ ጻፈች። ኻዴራ በ1891 ስትቆረቆር ዙሪያዋን ረግረግ ነበር። ሰፋሪዎቹ ዛሬ ወባ የምንለውን በሽታ የሚያመጣው ትንኝ መሆኑን አያውቁም፤ ሳይንሱም ገና አልደረሰበትም ነበር። ባሮኑ ረግረጉን ለማድረቅ ከግብፅ የቀን ሠራተኞች አስመጣ፤ ባሕር ዛፍም አስተከለ። ስንቱ ግብፃዊ እዚያ እንደ ሞተ ማንም ስሙን እንደማያነሣ እርሷ በቁጭት ጻፈች። በክሩ ውስጥ ስለ እነዚያ ሠራተኞች የተናገረ ሌላ ሰው የለም፤ ስለ ሰፋሪዎቹ ሞት ግን ሁላችንም ስናወራ ነበር።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ባሕር ዛፍ የሚለውን ቃል ያየ ሁሉ ተነሣ። ዘጠነኛው በዚያው ዘመን አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ልትለቀቅ በተቃረበች ጊዜ ባሕር ዛፍ እንዳስተከሉ አስታወሰና ሁለቱን ታሪኮች አገናኘ። ዐሥረኛው የሚያገናኛቸው የዛፉ ስም እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ ጻፈ፦ አንዱ ጋ ዛፉ የተተከለው ውኃ እንዲመጥ፣ ሌላው ጋ እንጨት እንዲሰጥ ነው። ዐሥራ አንደኛው ባሕር ዛፍ በአባቱ ማሳ አጠገብ ያለውን ምንጭ እንዴት እንዳደረቀው ተረከና ምኒልክን ወቀሰ። ዘጠነኛው ተቆጣ። ስለ ፓሪስ ባንክ ቤት የተከፈተ ክር ስለ እንጦጦ ተራራ መጨቃጨቂያ ሆኖ ዋለ። ሁለት ጊዜ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ለመንኩ፤ የተመለሱት ግን በለመንኩበት ጊዜ ሳይሆን በደከሙ ጊዜ ነው።

መልስ 12

ወይን ጠጅ ላይ የጻፈው የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ክሩን ያዳነው እርሱ ነው። ባሮኑ ከቦርዶ ያየውን በፍልስጤም ለመድገም ፈልጎ ከፈረንሳይ የወይን ችግኝና ባለሙያ አስመጣ። በ1890 በሪሾን ለጽዮን፣ በ1892 ደግሞ በዚክሮን ያዕቆብ ትላልቅ የመጥመቂያ ጓዳዎች ተከፈቱ። ጓዳው ሲሠራ ፊሎክሴራ የሚባለው ሥር በል ተባይ ወይኑን ጨረሰው፤ ተነቅሎ የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተዳቅሎ እንደ ገና ተተከለ። ለጠርሙስ ደግሞ በባሕሩ ዳር በታንቱራ የመስታወት ፋብሪካ ተሠራ። ኃላፊው ኋላ የመጀመሪያው የቴል አቪቭ ከንቲባ የሆነው ሜይር ዲዘንጎፍ ነበር። አሸዋው ለመስታወት የሚሆን አልነበረም። ፋብሪካው ፈረሰ። በሮሽ ፒና የሐር ትል ለማርባት የተተከለው የእንጆሪ ዛፍም ሐር የሚያዋጣ ሥራ ሳይሆን ቀረ።

ጸሐፊው ከዚህ በኋላ የጻፈው የመክፈቻ ጥያቄዬን የነካ ነው። ባሮኑ ለገበሬዎቹ የወይን ዘለላ የሚከፍለው ከገበያ ዋጋ በላይ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ጥሩ ወይን ሳይሆን ብዙ ወይን አመረተ። ጓዳው የማይሸጥ ወይን ጠጅ ሞላው። ድጎማው ሲቆም ብዙው ወይን ተነቀለ፤ በቦታው ብርቱካንና ለውዝ ገባ። እንግዲህ ያበላሸው የሹሞቹ ክፋት ሳይሆን የባሮኑ ደግነት ነው የሚል ነው ክርክሩ። ይህን ሳነብ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት፤ እስከ አሁንም መልስ የለኝም። ኋላ የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዳቪድ ቤን ጉሪዮን በወጣትነቱ በሪሾኑ ጓዳ ውስጥ ወይን ሲረግጥ እንደ ነበር በመጨረሻ ጠቅሶ ለሚጠጡ ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ብሎ ተሰናበተ።

መልስ 13

የቄስ ልጅ መሆኑን የገለጸ ወጣት የሰባተኛውን ዓመት ጉዳይ አነሣ። ኦሪት ምድሪቱ በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ ታዛለች። ከ1888 እስከ 1889 ያለው ዓመት ያ ዓመት ነበር። የገበሬዎቹ ሥራ እንዳይቆም ጥቂት ታላላቅ ረቢዎች መሬቱ ለአይሁድ ላልሆነ ሰው በስም እንዲሸጥና እንዲታረስ ፈቀዱ፤ የኢየሩሳሌም ረቢዎች ተቃወሙ። ባሮኑ ፈቃዱን ያዘ። የኤክሮን መንደር ሰዎች ግን እርሻ አንነካም ብለው ተቀመጡ፤ ሹሞቹም ተቆራጫቸውን መያዣ አድርገው አስጨነቋቸው። መንደሩ በባሮኑ እናት በቤቲ ስም ማዝኬሬት ባትያ ተብሎ ተጠርቷል። ለእናቱ መታሰቢያ በሆነ መንደር የሰንበትን ሕግ የጠበቁ ሰዎች በረሃብ መቀጣታቸው ጸሐፊውን አስቆጥቶታል። ጽሑፉ ጨዋ ነው፤ ቁጣው ግን በየመስመሩ ይታያል።

መልስ 14

ክሩ የተካረረው እዚህ ላይ ነው። የጻፈችው ሴት መልስ 1ን በቀጥታ ተቃወመች። በ1887 የሪሾን ለጽዮን ገበሬዎች በሹሙ በይሆሹዋ ኦሶቬትስኪ ላይ ማመፃቸውን፣ ሹሙ ቢነሣም ፋይንበርግ፣ ውኃውን ከፓሪስ ያመጣው ያው ፋይንበርግ፣ መንደሩን ለቆ እንዲሄድ መገደዱን አስታወሰች። መምህሩ የሚያመሰግኑት ውኃ ያመጣው ሰው ውኃውን እንዳይጠጣ ተደርጓል፤ ስለዚህ ምስጋናቸው ለማን እንደ ሆነ ያስረዱ ዘንድ ጠየቀች።

ከዚያም የራሷን አነሣች። ልጅ ሆና ከቤተሰቧ ጋር እስራኤል ስትገባ በተቀመጡበት የመጤዎች ማቆያ አባቷ፣ በአገሩ ዳኛና የቤተሰብ አስተዳዳሪ የነበረ ሰው፣ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ልጁን የት እንደሚያስተምር አንዲት ወጣት ሠራተኛ ትወስንለት ነበር። ሠራተኛዋ ክፉ አልነበረችም። ልብስ ሰጥታለች፣ ሐኪም ቤት ወስዳለች፣ ወረቀት ሞልታለች። አባቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጆቹ ፊት ቃል መናገር እንደ ተወ ጻፈች። ከለጋሽ በታች ኖረው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሪሾን ገበሬዎች እንዳይፈርዱም ጠየቀች። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ የመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ ያሉት የባንክ ቃላት ቀለሉብኝ።

መልስ 15

መምህሩ በዕለቱ መለሱ። አንቱታቸውን አልተዉም፤ ግን ቃላቸው ጠንክሯል። እኅታቸው በአባቷ ላይ የደረሰውን በመናገሯ እንደሚያከብሯት፣ ነገር ግን የሹም ጥፋት የላኪውን ሥራ እንደማይሽር ጻፉ። ሹሙ ተነሥቷል፤ ውኃው ቀርቷል። እርሳቸውም በማቆያ ኖረዋል፤ ብዙ ተዋርደዋል፤ ያም ሆኖ ልጆቻቸው ሐኪም ሆነዋል። በዚህ ሁለቱም ዝም አሉ። ያልተስማሙ ይመስለኛል።

መልስ 16

ይህኛው ሁላችንንም ወቀሰ። ሰፋሪና ሹም ስንል መሬቱን ከዚያ በፊት ስላረሰው ሰው አንድም ቃል እንዳልጻፍን ተናገረ። በ1896 ሜቱላ ስትቆረቆር በቦታው የነበሩት ድሩዝ የተባለው የአካባቢው ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ ገበሬዎች ከመሬቱ ተነሥተዋል፤ ለዓመታት ከመንደሩ ጋር ተጋጭተዋል። ባለርስቱ ሩቅ ከተማ ተቀምጦ ሸጠ፣ ገዢው ፓሪስ ተቀምጦ ገዛ፣ አራሹ ሜዳ ላይ ቀረ። የሽያጭ ውሉ ሕጋዊ መሆኑ ለአራሹ ምን እንደሚጠቅመው ጠየቀ። ሁለተኛው ጸሐፊ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ርስት ያለ ገበሬ እንደማይሸጥ የሚያስበው የርስት ሥርዓትን ያየ ብቻ እንደ ሆነ በአጭሩ ጨመረበት። ይህ ርእስ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ማንም ግን አልከፈተውም።

መልስ 17

ከረጅሞቹ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ወደ እኛ ቤትም የገባው በዚህ ነው። ጸሐፊው በ1904 ያዕቆብ ፋይትሎቪች የተባለ የፖላንድ አይሁዳዊ ወጣት ቤተ እስራኤልን ሊጎበኝ ሰሜን ኢትዮጵያ መግባቱን ተረከ። የፋይትሎቪች መምህር ዮሴፍ ሃሌቪ ነበር፤ ሃሌቪም በ1867 እና 1868 በዚያው መንገድ ያለፈ ነው። ለተማሪው ጉዞ ገንዘብ የሰጠው ባሮን ኤድሞን ነው። ፋይትሎቪች ሲመለስ በ1905 ያሳተመውን ሪፖርት ያቀረበው ለእርሱው ነበር። ይዟቸው ከሄደው ሁለት ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ናቸው። በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባ በ1920ዎቹ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰደዱ፤ ከነፃነት በኋላ መንግሥትን አገለገሉ፤ በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ጸሐፊው የሚለው ባሮኑ ኢትዮጵያን በአንድ የጉዞ ወጪ ነካ፤ ያ ወጪ ግን አንድ ትውልድ ምሁራን አስገኘ ነው። ሹም አልላከም፣ መሬት አልገዛም፣ ሰነድ አላስፈረመም። የመክፈቻ ጥያቄዬ የሚመለስበት ቦታ ጎንደር መሆኑን ጠቆመኝ። አሳማኝ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ፋይትሎቪች ለሥራው ድጋፍ ሲያሰባስብ ዕድሜውን የጨረሰው ከባሮኑ የመጀመሪያ ስጦታ በኋላ ቋሚ ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ሹም የሌለው ስጦታ ቀጣይ የሌለው ስጦታም ሊሆን ይችላል።

መልስ 18 እና 19

ዐሥራ ስምንተኛው ደስ ብሎት ባሮኑ ራሱ በ1904 ኢትዮጵያ መጥቶ እንደ ነበር፣ ቤተ እስራኤልንም በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። ዐሥራ ዘጠነኛው ያረመው በጨዋነት ነው፤ አራተኛው ቢያነበው ይማርበት ነበር። በ1904 እና 1905 ኢትዮጵያን ያቋረጠው የኤድሞን ሁለተኛ ልጅ ሞሪስ ነው። ጉዞውም የተፈጥሮ ሳይንስ ጉዞ ነበር፤ እንስሳትና ነፍሳት ሰበሰቡ፣ ውጤቱም ኋላ በፈረንሳይኛ በትልልቅ ጥራዞች ታተመ። አባትየው ለአንድ ተማሪ፣ ልጁ ለራሱ፣ በአንድ ዓመት ወደ አንድ አገር ጉዞ ከፈሉ፤ ሁለቱ ጉዞዎች ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ መልስ ማንም አልተከራከረም። በክሩ ውስጥ ያልታየ ነገር ነው።

መልስ 20

የሒሳብ ባለሙያው ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ ቁጥር ይዞ። ባሮኑ በ1900 መንደሮቹን ከ15 ሚሊዮን ፍራንክ ጋር ለአይሁድ የሰፈራ ማኅበር አስተላለፈ። ማኅበሩ በ1891 በባሮን ሞሪስ ደ ሂርሽ የተመሠረተ ነው። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ተቆራጩን አቆሙ፣ ሹሞቹን ቀነሱ፣ የመጥመቂያ ጓዳዎቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወይን አብቃዮች ማኅበር ተላለፉ። በ1924 ደግሞ በልጁ በጄምስ የሚመራ ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ 30 ያህል መንደሮችና 500,000 ዱናም ገደማ (አንድ ዱናም አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ነው) መሬት በእርሱ ገንዘብ ቆመዋል። ሹሞቹ ከሄዱ በኋላ መንደሮቹ አልጠፉም። ስለዚህ ለመክፈቻ ጥያቄዬ መልሱ አዎን ነው፦ ያለ ሹም ይተርፉ ነበር፤ ተርፈዋልምና።

ይህን ግን አልቀበልም። በ1900 የተረፉት 18 ዓመት ያህል ተቆራጭ የበሉ፣ ውኃ ያገኙ፣ ችግኛቸው ሥር የሰደደ መንደሮች ናቸው። በ1882 እነዚያው ሰዎች ዳቦ አልነበራቸውም። ሹም የማያስፈልገው ሹም ከነበረ በኋላ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ደግሞ በ1896 የጽዮናዊነት ንቅናቄ መሪ ቴዎዶር ሄርዝል ፓሪስ ድረስ ሄዶ ነገሩን ለሕዝብ ተወካዮች እንዲያስረክብ ሲለምነው ባሮኑ አሻፈረኝ ማለቱን አነሣ። ያኔ ቢቀበል ኖሮ አራት ዓመት ይቀድም ነበር። ሄርዝል የለመነው ግን ስለ ተቆራጭ አልነበረም፤ ስለ መንግሥት ነው። ባሮኑ ደግሞ የኦቶማን ሹማምንት ዓይን የሚያርፍበትን ነገር ሁሉ ይፈራ ነበር። በዚህ ላይ እስከ ሌሊት ተጻጻፍን።

መልስ 21

በፓሪስ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እኛ ስለ እርሻ ስንከራከር የሰውየውን ግማሽ ሕይወት መርሳታችንን ጻፈች። በሉቭር ሙዚየም ከ40,000 በላይ የኅትመት ሥዕሎችና 3,000 ያህል ንድፎች በስሙ ተቀምጠዋል። ከፖምፔ አጠገብ በቦስኮሬያሌ የተገኘውን የሮማውያን የብር ዕቃ ገዝቶ ለሙዚየሙ የሰጠውም እርሱ ነው። በሽምግልናው በፓሪስ የሥነ ሕይወት ምርምር ተቋም አቋቁሟል። ሊቃውንቱን ምን እንደሚመራመሩ አላዘዛቸውም ትላለች። ታዲያ ለሳይንቲስት ነፃነት የሰጠ ሰው ለገበሬ ለምን ነፈገ? መልሱን ራሷ ሰጠች፦ ሳይንቲስቱን እንደ አቻው፣ ገበሬውን እንደ ልጁ ስለሚያይ። በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 22

መምህሩ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፉ። ባሮኑ በ1934 ፓሪስ አጠገብ ሞተ፤ በ1954 የእርሱና የባለቤቱ የአዴላይድ ዐፅም በእስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ ሐይፋ ገብቶ በዚክሮን ያዕቆብ አጠገብ በራማት ሃናዲቭ ተቀበረ። በ1980ዎቹም ፊቱ በ500 ሼኬል ኖት ላይ ታተመ። መምህሩ ኖቱ ዋጋ በማይኖረው ግሽበት ዘመን መውጣቱ እንዳሳዘናቸው ጨመሩ። የሒሳብ ባለሙያው ለዚህ ብቻ የሳቅ ምልክት ላከላቸው፤ በመካከላቸው የተደረገው የመጀመሪያው ሰላምታ ይህ ነው።

መልስ 23 እና ከዚያ በኋላ

አንድ አዲስ ሰው ባሮን ሂርሽስ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። በሙኒክ በ1831 ከባንክ ቤተሰብ የተወለደ፣ በቱርክ የባቡር መስመር የከበረ፣ ሀብቱን የሩስያን አይሁድ ወደ አርጀንቲና ለማስፈር ያዋለ ሰው መሆኑን መልስ 4 የጻፈው ሰው አስረዳ፤ እንደ ተለመደው ጠያቂውን ገሥጾ። አርጀንቲና የተላኩትም ከሹሞች ጋር መጣላታቸውን ከመልስ 14 ያወቅናት ሴት ጨመረች። የሒሳብ ባለሙያው ስለ ሂርሽ ሌላ ክር ሊከፍት ነው፤ ባሕር ዛፍ የሚል ቃል ያለበትን መልስ እንደማያነብም ከአሁኑ አስታውቋል።